ቮልስዋገኗ ያልጫነችው

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ በቮልስዋገን ሲወስዳቸው፣ ዘውዱም አብሮ የሄደ የመሰለው ብዙ ነበር። መኪናዋ ጠባብ ናት፤ ሽማግሌውን ጭና ስታበቃ ለደጅ ጥናቱ፣ ለእልፍኝ አስከልካዩና ለእጅ መንሻው ቦታ ከየት አባቷ ታምጣ? ቀሩ። ቀርተውም ሜዳ ላይ አልወደቁም፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ተካፈሏቸው።

ውርሱ ደግሞ ቀላል አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የሹመቱ ዕድሜ ግን በንጉሡ ፊት የሚለካ ነበርና ብልህ ሚኒስትር ከግቢው አይርቅም። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ጽሕፈት ሚኒስቴር ከሁሉ የከበደው ለንጉሡ ጆሮ ስለቀረበ ነው። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው እንኳ ምርጫው ጃንሆይ ዘንድ ቀርቦ መጽደቅ ነበረበት። እንግዲህ ውሳኔን ወደ ላይ መግፋት ስንፍና የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ያልወሰነ አይሻርም።

ይህ ጥበብ ዛሬም በክብር ተይዟል። አንዲት የይዞታ ማመልከቻ ገልጣችሁ ኅዳጓን እዩ፦ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይታይ»፣ ከሥሩ በቀይ «ተነጋገሩበት»፣ በጎን በኩል አዘቅዝቆ «ለሚመለከተው ይመራ»። ሦስት ፊርማ አለ፤ ውሳኔ የለም። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ሲበተን ማኅተም ያዥዋ ለቅሶ ሄዳለች። ድሮ አጋፋሪ ይከለክል ነበር፤ አሁን «ሲስተም የለም» ይከለክላል፤ እሱ ደግሞ ጉቦ አይበላም (እስካሁን ማለቴ ነው)። ባለጉዳዩም ወጉን አልረሳም፤ ወገቡን ሰበር አድርጎ ገብቶ፣ የገዛ መብቱን እንደ ችሮታ ተቀብሎ፣ መርቆ ይወጣል።

ለውጥ አልተሞከረም አይባልም። ደርግ «ጌታዬ»ን «ጓድ» አደረገው፤ ጓድም ደጅ ያስጠና ጀመር። ኢሕአዴግ በቢፒአር ግድግዳ አፍርሶ አዳራሽ ከፈተ፣ ካይዘን አስተማረ፣ የዜጎች ቻርተር ለጠፈ። ቻርተሩ እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይዘረዝራል፤ ከፊቱ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደጋግሞ ለማንበብ በቂ ጊዜ አለ። ከግርጌው «ቅሬታ ያለው ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ይቅረብ» ይላል። ቢሮው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቅሬታ ሰሚው ግን ለጊዜው የሉም፤ ቅሬታ ከቀረበባቸው ኃላፊ ጋር ስብሰባ ገብተዋል።