ዓይንን ዓይን ማለት ነውር ነው

በእንግሊዝኛው የሮልፕሌይ መንደር ዓይን ያለው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሮልፕሌይ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ተራ በተራ እየጻፉ አንድ ታሪክ የሚያስኬዱበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። እዚያ የሚኖሩት ገጸ ባሕርያት በዓይን ፋንታ «የሰንፔር ሉሎች» ተሸክመው ይዞራሉ። ፀጉራቸው ፀጉር መሆኑ ቀርቶ የቁራ ክንፍ የለበሰ ፏፏቴ ሆኗል። ሲቆስሉ አይደሙም፤ ቀይ የሕይወት ፈሳሽ ያፈልቃሉ። «አለ» እና «አለች» የሚባሉ ግሶችም ከአገር ተሰደዋል፤ ሁሉም ያስተጋባል፣ ይቃትታል፣ ያጉረመርማል እንጂ ተናግሮ የሚያርፍ የለም። እሰየው ነው። «ዓይን» የሚለውን ቃል እኮ ገበሬውም፣ ሐኪሙም፣ አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ይጠቀምበታል። ጥበብ የተሰጠው ሰው ከእነዚህ ሁሉ ጋር እንዴት ቃል ይጋራል?

ለናሙና አንድ ተራ በዚሁ ስልት እንሥራ። አንዲት ተጫዋች ገጸ ባሕርይዋን «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» አሰኝታ መልስ ትጠብቃለች እንበል። መልሱ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ «የጨረቃዋ የብር እንባ በእብነ በረድ ጉንጩ ላይ ሲንቆረቆር፣ የሺህ ዘመን ትካዜ ያረገዙት የመረግድ ሉሎቹ ወደማይታወቀው የጥላ ማሕፀን ተወረወሩ፤ በነፍሱ ጓዳ የታሰረው ዝምታም እንደ ቆሰለ አንበሳ አገሳ።» ግሩም ነው። ሉሎቹ ከተወረወሩ በኋላ ማን እንዳነሣቸው አልተገለጸም፤ ዝምታ ሲያገሳ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣም ለአንባቢ ተትቷል። ጌጡ ሲራገፍ የሚቀረው «ዝም ብሎ ጨለማውን አየ» የሚል ነገር ነው። ምስኪኗ ጠያቂ ግን ይሂድ ይቅር አሁንም አታውቅም። የልብ ወለድ አንባቢ ያልጣመውን አንቀጽ ዘሎ ማለፍ ይችላል። ሮልፕሌይ ውስጥ ግን አንባቢው ራሱ ተጫዋች ነው፤ አንብቦ ሲጨርስ ምላሽ መጻፍ አለበት። እያንዳንዱ ተራ የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የጨዋታ እርምጃም ነው። ሳይራመዱ ማጌጥ፣ ገበጣ ላይ ተቀምጦ ጠጠሩን ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሳይጥል እጁን በአየር ላይ ሲያሽከረክር እንደሚያመሽ ሰው መሆን ነው። ከዳር ሆኖ የሚያይ ያጨበጭብለት ይሆናል፤ ተጋጣሚውን ግን እንቅልፍ ይጥለዋል።

የዚህ ጨዋታ ቀደምት ዘመድ እንዲህ አልነበረም። በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትሩብሾው ጀምሮት በኋላ ሪቻርድ ባርትል ያስፋፋው «መድ» የተባለው የጽሑፍ ጨዋታ ተጫዋቹን አጭር ትእዛዝ ያስጽፈው ነበር። ለኮምፒውተሩ የጨረቃን እንባ ብትነግረው የሚገባው ነገር የለም፤ ክፈት፣ ውሰድ፣ ሂድ ማለት ነበረብህ። ዛሬ አንባቢው ማሽን ሳይሆን ሰው በመሆኑ ነው መሰል ምሕረት የጠፋው። ለነገሩ ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ብቻ አይደለም። ብዙ ቡድኖች ተጫዋችን የሚመዝኑት በርዝመት ነው፤ አንድ መስመር የሚጽፈው ከታች፣ አንቀጽ የሚጽፈው ከፍ ብሎ፣ በየተራው ብዙ ገጽ የሚሞላው ደግሞ ከላይ ይቀመጣል። ከዚህ ያህል ቃል በታች አንቀበልም የሚሉም አሉ። ገጸ ባሕርይው ውኃ ከመጠጣት ሌላ ሥራ በሌለበት ተራ ሦስት መቶ ቃል ሙላ የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ብርጭቆዋን ይኳላታል፣ ውኃውን ያስለቅሰዋል። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው የተመሳሳይ ቃላት መዝገብም ለዚህ ደረሰለት፤ ያሰበውን የሚገልጽ ቃል ለጠፋበት ሰው የተዘጋጀው መጽሐፍ፣ ምንም ላላሰበ ሰው ቃል ማደያ ሆነ።

መራቀቁ ቢያንስ ጸሐፊውን ያስከብረዋል እንዳይባል፣ ነገሩ ተፈትኗል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ቃላት ያለ በቂ ምክንያት በረጃጅሞቹ ሲተኩ አንባቢዎች ጸሐፊውን ብልህ አድርገው የሚያዩበት ግምት ከፍ በማለት ፋንታ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ለጥናቱም የሰጠው ርእስ ራሱ ሆን ተብሎ የተጠማዘዘ ነበር። በዚያው ዓመትም፣ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አገኘበት። የእኛ ባለ ሉሎች ግን በዚህ አይደናገጡም፤ ሽልማቱንም «የክብር አክሊል» ብለው እንደሚጠሩት አልጠራጠርም።

መቼም የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቅኔን ያነሣብኛል፤ ቃልን ማስዋብ ለእኛ ምኑ ነውር ነው ይላል። ለዚህ በሰምና ወርቅ ማመካኘት ግን ግፍ ነው። ባለቅኔ አንድ ቃል አስቀምጦ ሁለት ነገር ያስይዘዋል፤ የእኛ ባለ ሉል ሃያ ቃል ደርድሮ አንድም አያስይዝም። ሰሙን ይቆልላል፣ ወርቁን የሚፈልግ ሰው ግን እጁ በሰም ተለውሶ ይቀራል። ሌላው ክርክር ጠንከር ይላል፦ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወጣቶች ናቸው፣ በመሞከር ይማራሉ፣ ለምን ታሾፍባቸዋለህ? እውነት ነው፣ ቃል መውደድ የመጻፍ መጀመሪያ ነው፤ ለቃል ጨርሶ ከማይሳሳ ጸሐፊ የሚሳሳው ይሻላል። ደግሞም በአበባ ቃል የሚናገር ጉረኛ የቤተ መንግሥት ሰው በታሪኩ ውስጥ ካለ፣ ያ ንግግር ጠባዩ ነውና ይድመቅለት። ችግሩ አናጢውም፣ ወታደሩም፣ ተራኪውም እንደ እሱ ሲናገሩ ነው። ያን ጊዜ ጉረኛውን የሚለየው ነገር ይጠፋል፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው እሱ ነው። ተማሪ ደግሞ የሚማረው የሚያርመው ሲያገኝ ነው፤ ርዝመቱ እየተቆጠረ ከላይ የተቀመጠ ሰው ምን አጥፍቼ ይላል?

ስለዚህ ልመናዬ ለቡድን አስተዳዳሪዎች ነው። ቃል መቁጠሩን ተዉት። በምትኩ እያንዳንዱ ተራ ቀጥሎ ለሚጽፈው ሰው መልስ የሚሰጥበት አንድ ድርጊት ወይም አንድ ጥያቄ ትቶ ይለፍ ብላችሁ ደንግጉ። ይህን ያሟላ ሰው ከፈለገ ጨረቃንም ያስለቅስ፣ አንከለክለውም።