እኛ የረጲ ልጆች

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀና ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ፊልም ላይ እንዳየነው ከሆነ፣ ከጦርነት ማግስት የሚያድግ ልጅ ሣር የለበሰ ግቢና ብስክሌት አያጣም። እኛ የረጲ ልጆችም አልቀረብንም። በግቢ ፈንታ ተራራ ነበረን። ብስክሌቱም ቢሆን በየተራ ይመጣ ነበር፤ ዘንድሮ ጎማው፣ ለከርሞ መሪው።

ደግሞስ ቦሌን ከቦሌ ልጆች በላይ የምናውቀው እኛ አልነበርን? በሁዳዴ ማን ሥጋ እንደበላ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ማመልከቻ ሳይከፍት እንደጣለ፣ ገልባጩ መኪና አንድም ሳያስቀር ይዘረግፍልን ነበር። የሠርግ ወራት ሲሆን እኛም ሳንጠራ ታዳሚዎች ነን።

አዲስ አበባ በ1950ዎቹ ቆሻሻዋን እዚህ መድፋት ስትጀምር ቦታው ዳር አገር ነበር። በኋላ ግን የጣለችው ናፈቃት መሰለኝ፣ ቤቷን እየሠራች እየሠራች እስከ ክምሩ ግርጌ ተጠጋች። ሽታውን ግን የኛ ጥፋት አደረገችው፤ ታክሲ ውስጥ አፍንጫውን የሚይዘው ሁሉ ትናንት ራሱ የጣለውን ሽንኩርት እየሸሸ መሆኑን ማን ይንገረው?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የሚባለው ይኸው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ቆሼ ሰው እንደሚኖርበት አገር ያወቀው ያኔ ነው፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ደግሞ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እዚያው ተመረቀ። ዜናውን ለአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ብነግራቸው፣ «ደግ ነው፤ የጣሉት በሽቦ ይመለስላቸዋል። ለመሆኑ የኛ ቆጣሪ መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ።