በጊቷ በየትኛው ኮድ ትግባ?

ምነው ሸዋ! እንባ ሳይደርቅ ኮድ የሚጠይቅ እድር እናይ ዘንድ ነው ይህ ሁሉ ዕድሜ የተሰጠን?

የመንደራችን የቀየት ወጣቶች «እድሩን እናዘምነው» ብለው ተነሡ። ማዘመን ድሮ የሣር ክዳንን በቆርቆሮ መለወጥ ነበር፤ አሁን ፒችትሪ መጫን ሆኗል። ፒችትሪ ማለት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን በየማሠልጠኛው በር ስሙ የተለጠፈው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ የእንግሊዝ ኩባንያ «ሴጅ 50» ብሎ ከሰየመው ቆይቷል፤ እኛ አገር ግን አንዴ የወጣ ስም በኩባንያ ፈቃድ አይሻርም፤ ልጆቹ ዛሬም «ፒችትሪ ተምረናል» እያሉ ይመጣሉ። ከመጡት አንዷ የልጅ ልጄ ናት። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እኔ ስለሆንሁ ላፕቶፗን ከፍታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «አባባ፣ መጀመሪያ ቻርት ኦፍ አካውንቱን እናውጣ» አለችኝ።

እኔ እኮ ለሒሳብ እንግዳ አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ወረዳ ፋይናንስ ነው የሠራሁት። ዕቃ በሞዴል 19 ሳስገባ፣ በሞዴል 22 ሳስወጣ፣ ገንዘብ በሞዴል 64 ስቀበል ነው ጠጉሬ የሸበተው። እሷ ቻርት ኦፍ አካውንት የምትለው የመንግሥት የሒሳብ መደብ በአራት አኃዝ ሲመጣም አልደነገጥሁም፤ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 6111፣ ነዳጅና ቅባት 6217፣ ውሎ አበል 6231። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ጠይቁኝ። (ውሎ አበልን በቁጥሩ የማያውቅ የወረዳ ሠራተኛ አላየሁም፤ የክርስትና ስሙን ቢረሳ እንኳ 6231ን አይረሳም።) ነገር ግን ያ መደብ ከላይ ተዘጋጅቶ የወረደ ነው። ተቀበልን፣ ሞላን፣ ፈረምን። የእድሩን ግን «እናንተው አውጡት» ተባልን፤ ጉድ የፈላው ይኸኔ ነው።

ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያላችሁ ነገር ሁሉ ስም፣ ቁጥርና ዓይነት ይኑረው ይላል። ልጅቱ እንደተማረችው ሀብቱን ከ1000፣ ዕዳውን ከ2000፣ ካፒታሉን ከ3000፣ ገቢውን ከ4000፣ ወጪውን ከ5000 ጀምራ ደረደረችው። እስከዚህ ይሁን። ቀጥሎ ግን በያንዳንዱ አንጻር መነሻ ሒሳብ፣ እነሱ ቢጊኒንግ ባላንስ የሚሉትን፣ ሙሉ ይላል። እድራችን ይህን ያህል ዘመን ያለ ቢጊኒንግ ባላንስ ሲኖር ማን ሞቶ ሳይቀበር ቀረ?

ባንክ ያለው ቀላል ነው፤ ደብተሩ ይናገራል። ተሰብሳቢ የምትለው ላይ ስንደርስ ተጣላን። «ያልከፈሉ አባላት ስንት ስንት አለባቸው?» አለች። በእኔ መዝገብ ያልከፈለ ሁሉ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ሄዶ የቀረ አለ፤ ከፍያለሁ ብሎ ደረሰኝ የጠፋበት አለ፤ ባሏ የሞተባትና የእድሩ ዳኛችን «ስትችል ትክፈል» ያሏት አለች። ማሽኑ ደግሞ የመክፈያ ቀን ይፈልጋል። ስትችል መቼ ነው ብትለኝ ምን ልመልስ? «እንግዲያው የማይሰበሰብ ብለን እንሰርዘው» ስትል እጇን ያዝሁ። ሴትዮዋ ስሟ ከማይከፍሉት ጋር መጻፉን ብትሰማ፣ ለባሏ ያላለቀሰችውን ያህል ታለቅሳለች።

ድንኳኑም አለ። ደረሰኙን አየችና የእርጅና ቅናሹን አስልታ፣ እሱንም በመቀነስ ምልክት አስገብታ፣ «አሁን ዋጋ የለውም» ብላ ደመደመች። ዋጋ የለውም! ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ሸራ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቃ ታውቃለች? ያ ዋጋ የለውም የተባለ ድንኳን በክረምቱ ዶፍ ስንቱን ለቀስተኛ አስጠልሏል። በዚህ ስሌትማ እኔን መዝግቡኝ ብላቸው ከዜሮ በታች ነኝ።

ዋናው ጠብ ግን የበጊቷ ነው። አንድ አባላችን መዋጮ ተጠራቅሞ ቢከብደው አንዲት የመንዝ በግ ለእድሩ ሰጠ። እኛም ለሌላ አባል የርቢ ሰጠናት፤ እሱ ያረባል፣ የወለደችውን እኩል እንካፈላለን። አባቶቻችን የኖሩበት ውል ነው፤ ምስክር እንጂ ወረቀት አይጠይቅም። ልጅቱ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ «ኢንቬንተሪ ናት ወይስ ፊክስድ አሴት?» አለችኝ። በግ ናት አልኋት። ፊክስድ አሴት ብትሆን በየዓመቱ እርጅና ሊቀነስባት ነው፤ እሷ ግን በየዓመቱ ትወልዳለች። ኢንቬንተሪ ብትሆን ለሽያጭ የቀረበች ዕቃ ሆነች፤ ማን ሊሸጣት! ልጅቱ ሲጨንቃት ስልኳን ጎርጉራ፣ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847 ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎች ውስጥ ለእንስሳትና ለተክል የወጣ፣ ቁጥር 41 የሚባል እንዳለ ነገረችኝ። (ለትልልቅ ኩባንያ የወጣ ሕግ ለአንዲት በግ!) ምን ይላል? እንስሳዋ በየሪፖርቱ ቀን በገበያ ዋጋዋ ትተመን፣ የመሸጫ ወጪውም ይቀነስ ይላል። እንግዲህ በየዓመቱ ገበያ ነድተናት፣ ላቷን አስጨብጠን፣ ጥርሷን አሳይተን፣ ዋጋ አስጠርተን፣ ሳንሸጥ ይዘናት ልንመለስ ነው። ነጋዴው በዱላ ነው የሚሸኘን። በዚያ ላይ ከግልገሎቹ ግማሹ የአርቢው ነው፤ ሦስት ቢሆኑ የመካከለኛው ግልገል ግማሽ አካል በየትኛው ኮድ ይገባል?

ዓመቱም መጨቃጨቂያ ሆነ። የእድራችን ዓመት ከኅዳር ሚካኤል እስከ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የመንግሥት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ ሐምሌ 1ን ጁላይ 8 እያልን ልናባብለው ነው። አንድ ደግ ነገር አለው፤ ዓመቱን እስከ 13 ድረስ መክፈል ይፈቅዳል። ጳጉሜን የሚያውቅ ፈረንጅ ተገኘ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ልጅቱ «ጳጉሜንማ ከነሐሴ ጋር እንደርባታለን» ብላ ደስታዬን ቀማችኝ።

ይህን ዴቢትና ክሬዲት የሚሉትን መከራ ማን እንዳመጣው ጠየቅኋት። ሉካ ፓቾሊ የሚባል የጣልያን መነኩሴ ነው አለች። የአገሩ ነጋዴዎች ቀድመው ይሠሩበት ነበር አሉ፤ እሱ በፈረንጆች 1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎ አስፋፋው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ከቆረቆሩ ገና አርባ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የእኛ መነኮሳት ያኔ ብራና ይፍቁ፣ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ የእነሱ መነኩሴ ዴቢትና ክሬዲት ያመዛዝናል። ለመሆኑ ዓለምን የናቀ ሰው ተሰብሳቢ ሒሳብ ምን ያደርግለታል?

ዕዳ የሚለው ላይ ግን ቀልዱ አለቀ። የአባላት መዋጮ ገቢ ነው ብዬ ነበር። እሷ «አባባ፣ አባል ሲሞት እድሩ ለቤተሰቡ የሚከፍለው አለ አይደል? እንግዲያው ያ ዕዳ ነው» አለች። ዝም አልሁ። ሰንበቴ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ጠላ የሚጠጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ገና ያልተከፈሉ ዕዳዎች ናቸው ማለት ነው። እኔም ጭምር። ልጅቱ በአጭር ጊዜ የሚከፈለውንና በረጅም ጊዜ የሚከፈለውን ለየብቻ መመዝገብ አለብን ብላ ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ላፕቶፑን ዝጊው አልኋት።

በማግሥቱ ሞልተን ጨረስን፤ አልገጠመም። ሀብቱ ወዲህ፣ ዕዳና ካፒታሉ ወዲያ፣ መሃል ላይ የጥቂት መቶ ብር ልዩነት። ፕሮግራሙ ሚዛኑ እንዳልተስተካከለ ያስጠነቅቃል፤ ግድ የለም ካሉት ግን ራሱ ከካፒታል ሥር አዲስ መደብ ከፍቶ ልዩነቱን እዚያ ያሳርፈዋል። በእኛ ጊዜ ልዩነት ሲገኝ ገንዘብ ያዥ ሌሊት በኩራዝ ሲደምር ያድራል፣ ካጣው ከደመወዙ ይቆረጣል። እዚህ ልዩነት ስምና ቁጥር ተሰጥቶት ከካፒታል ጎን ይቀመጣል። «ምክንያቱን በኋላ ፈልገን እናጠፋዋለን» አለች። በኋላ የተባለ ሒሳብን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሹም ከሹም እየተረካከበው ጡረታ ሳይወጣ ይኖራል።

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ወረቀቱ ታትሞ ቀረበ። የድንኳኑን ዜሮ ሲያዩ አጉረመረሙ፤ በበጊቷ ተሳሳቁ። ዳኛችን መነጽራቸውን አስተካክለው በጣታቸው እየተከተሉ ወርደው ከካፒታሉ ሥር ያለችው መስመር ላይ ቆሙ። «ይሄ ደግሞ የምን ገንዘብ ነው? ከተረፈን ድንኳን እንግዛበት» አሉ። ልጅቱ ተነሥታ ገንዘብ አለመሆኑን፣ ልዩነት መሆኑን በትሕትና አስረዳች። ዳኛው አሰቡበት።

«እሺ ልጄ፣ ልዩነትም ይሁን። ማን እጅ ነው ያለው?»

ጉባኤው በሙሉ ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረ።