ጨረስኩት አትበሉኝ

የዛሬ ልጆች መንፈሳዊ መጽሐፍ አያነቡም የሚል ሽማግሌ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ያነባሉ! ችግሩም እሱ ነው። ያነባሉ፣ ይጨርሳሉ፣ ሌላ ይገዛሉ። የልጅ ልጄ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይገባል፤ ዓርብ ላይ «አባባ፣ ጨረስኩት» ይለኛል። ምኑን ነው የጨረሰው? መጽሐፉ ስለ ትሕትና ነበር። ትሕትናን በአምስት ቀን ጨርሶ ወደ ትዕግሥት ተሻገረ። በዚህ አያያዙ ፍልሰታ ሳይገባ ጽድቁን አጠናቆ ታቦት ሊቀረጽለት ነው።

የንግሥ ዕለትማ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ የሚደረደረውን ድንኳን እዩት። ከአንዱ ድምፅ ማጉያ መዝሙር፣ ከሌላው ስብከት ይለቀቃል፤ መሐል ላይ መጽሐፍ ሻጩ «ስለ ጽሞና የተጻፈ፣ አዲስ የገባ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ባለፈው ስለ ትዕግሥት የሚያስተምረውን መጽሐፍ ለመግዛት ሰው ሲጋፋ አንዲት ወይዘሮ እግሬን ረገጡኝ። ይቅርታም አልጠየቁኝ። ምን ያድርጉ፣ ገና አላነበቡትማ!

አነባበባቸውንስ አይታችኋል? በብራናው ዘመን ጸሐፊው ቀይ ቀለሙን ለአምላክና ለእመቤታችን ስም፣ ለምንባቡም መጀመሪያ ይቆጥባል። የስንት ፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ የመቃ ብዕር ተቀርጾ የሚገኝ መጽሐፍ ነውና ምኑም አይባክንም። የእኛ ልጅ ግን በዚያ በሚያበራ ቢጫ እስክሪብቶ ገጹን ከራስጌ እስከ ግርጌ ይቀባዋል። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው «ዋና ዋናውን እየለየሁ ነው» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ብመለከት ሳይቀባ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ወላጅን ስለ ማገዝ የሚናገረው። ከዚያ መጽሐፉን ከቡና ስኒ አጠገብ ገልጦ ፎቶ አነሳው። ቡናውን ያፈላችው እናቱ ፎቶው ውስጥ የለችም፤ ጓዳ ስኒ እያጠበች ነበር።

እኛ ያደግነው በአንድ መጽሐፍ ነው። ፊደል ቆጥረን፣ ንባብ ለይተን፣ ዳዊት ደገምን፤ ልጅ ዳዊት ደገመ ሲባልም ቤተሰብ ድግስ ይደግሳል። ፈረንጅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ በፊደላችን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያትም የመረጠው ዳዊትን ነው፤ አታሚው ዮሐንስ ፖትከንም ግዕዙን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩት የእኛ መነኮሳት ነው። 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይሆንና ለሳምንቱ ይደለደላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ሰኞ ሲነጋ እንደገና ከ1። ጨረስኩት የሚባል ነገር የለም።

ጥቅሙን ልንገራችሁ። በግዕዙ ቁጥር 38ኛው መዝሙር አንደበትን ስለ መጠበቅ ይናገራል፤ የሚውለውም ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማታ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ጎረቤቱን ሲያማ ያመሸ ሰው፣ በማግሥቱ ጠዋት ያ መዝሙር ይመጣበታል። ዛሬ ሰምቶ እንዳልሰማ ቢሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ አለለት። መጽሐፉ እንደ አበዳሪ ቀኑን ቆጥሮ ይመላለሳል።

«አባባ፣ እናንተም እኮ ግዕዙ ሳይገባችሁ ነበር የምታነበንቡት» ይለኛል ያ ቢጫ ቀቢ። አልዋሸም። በሰፈራችን ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው እየደገሙ «አንተ ልጅ፣ ያችን ጥጃ መልሳት!» የሚሉ፣ ከዚያም ካቆሙበት የሚቀጥሉ አዛውንት ነበሩ። እኛ ልጆቹ ጥጃዋም ከመዝሙሩ ውስጥ ያለች ይመስለን ነበር። ዛሬ የጥጃዋን ቦታ ስልክ ይዞታል። ልጁ መዝሙሩን ከስልኩ ላይ እያነበበ ሳለ ጭርር አለ፤ ለካ ደመወዝ ገብቶለት ኖሮ «ተመስገን!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ሳምንት ከልቡ ሲጸልይ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ደግሞስ ስላልገባን አይደል ሊቃውንቱ አንድምታውን ያቆዩልን? መጽሐፈ መነኮሳትን ውሰዱ፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ ተብሎ ሦስት ነው። የኔታ አንዷን ዐረፍተ ነገር ይዘው «አንድም» እያሉ ሲያመላልሷት ፀሐይ ትጠልቃለች፤ የራበው ተማሪ በልቡ ቁራሽ እያሰበ ያዳምጣል። በማግሥቱም ያችው ዐረፍተ ነገር ትጠብቀዋለች።

አዲስ መጽሐፍ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ የአቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ እኔም ገዝቼ አንብቤያለሁ። ግጥምም ጋዜጠኝነትም የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ነገር አያንዛዙም። ግን አጭር መጽሐፍ አጭር የሆነው ቶሎ እንዲያልቅ ነው ያለው ማን ነው? ቶሎ እንዲደገም ነው እንጂ!

በዚህ ላይ የመዋስ በሽታ አለ። የዱሮ ጸሐፊ የሰውን ጠባይ ያውቃልና ብራናው ላይ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ይጽፋል። እኔ ሳልገዝት ስለ ታማኝነት የተጻፈ መጽሐፌን ለአንድ ወዳጄ አዋስኩ። ለቅሶ ቤት ሳገኘው «ወይ ግሩም መጽሐፍ! ወድጄው ለሌላ ሰው አዋስኩት» አይለኝም? ዕንባውን ጠርጎ ነው ደግሞ የነገረኝ።

ስለዚህ ሕግ አውጥቻለሁ። ከእንግዲህ ከእኔ መጽሐፍ የሚዋስ ሰው አስቀድሞ ግዝቱን ጮክ ብሎ ያነባል። ሲመልስም ምን ተማርክ ብዬ አልጠይቀውም፤ ከጠየቅሁትማ እስከ ማታ ጥቅስ ሲያዘንብብኝ ይውላል። ሚስቱን ነው የምጠይቀው። ላጤ ከሆነም የቤት አከራዩን።