ባለ አራት መስኮቱ ሊቅ

የዘመኑ ወጣቶች በኮምፒውተር መስተዋት ላይ አንዱን ጥቁር ገጽ አራትና ስድስት ቦታ ከፋፍለው ሁሉንም ጎን ለጎን እያዩ መሥራታቸውን በመሠረቱ አልነቅፍም፤ ነገር ግን እዚህ ሆሳዕና ከእኛ ዘንድ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ከአራቱ ክፍል አንዱን፣ ትእዛዝ ለማይጻፍበት፣ መልስም ለማይነበብበት፣ ለአንድ ግዙፍ ሰዓት ርስት አድርጎ መስጠቱ፣ ያም ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ቡና ደርሶ ልጁ ሲጠራ «15» ብሎ መሟገቱ ከኅሊናዬ ሊወጣ አልቻለም።

«ጋሼ፣ አንዱ መጻፊያ ነው፤ አንዱ ማስኬጃ፤ አንዱ ስሕተት መከታተያ» ይለኛል።

«አራተኛውስ?»

«ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ልጁ ገጹን የሚከፋፍልበት መሣሪያ ቲመክስ ይባላል፤ ኒኮላስ ማሪዮት የተባለ ሰው በ2007 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ያወጣው ሲሆን፣ ስክሪን የሚባለው ታላቅ ወንድሙ ከ1987 ጀምሮ ነበረ። ኮንትሮልና ቢ ተጭኖ የመቶኛን ምልክት የነካ ገጹን ቀኝና ግራ ይከፍላል፤ ትእምርተ ጥቅስን የነካ ላይና ታች፤ ቲን የነካ ግን ያንን ሰዓት ይጠራል።

ነገሩ አዲስ የሚመስለው አበውን ለዘነጋ ሰው ብቻ ነው። ኦሪጀን በ3ኛው ምእት ዓመት ብሉይ ኪዳንን በስድስት ዓምድ ጎን ለጎን አሰናድቶ ነበረ፤ ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው፣ በ14ኛው ምእት ዓመት የተጻፈው መዝሙረ ዳዊትም ግዕዙን፣ ሱርስቱን፣ ቅብጡን፣ ዓረቡንና አርመኑን በአምስት ዓምድ አሰልፎ ይዟልና፣ በዚያ መጽሐፍ ፊት የአምስት አገር መነኰሳት ቢቆሙ እያንዳንዱ የገዛ ልሳኑን ያገኛል። በማኅሌትም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው የሚያምርባቸው አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው አዳምጦ ስለሚቀበል ነው። ከአምስት ዓምድ አንዱን ለሰዓት የሰጠ ጸሐፊ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ይህን ሳሰላስል ነው እንግዲህ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ትዝ የሚለኝ። መስኮቱ ብዙ፣ በየመስኮቱም ላይ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ሰው የተቀመጠው ግን በአንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ቀና ሳይል «ቁጥር ሦስት ይሂዱ» ይላል፤ ቁጥር ሦስት መጋረጃ ነው። ከዶዮገና በሌሊት ተሳፍረው፣ ለአንዲት ማኅተም ምርኵዛቸውን ተደግፈው የቆሙ አዛውንት በመጨረሻ የሚሰሙት «ሲስተም የለም» የሚለውን ነው። ሰው ለማያስቀምጡበት መስኮት ቁጥር የሚለጥፉ ሰዎች የድኻን ቀን ይሰርቃሉ፤ ሌላ ስም የለውም፤ ነውር ነው!

የእኛው ልጅ እንኳ ከአራቱም መስኮት በስተኋላ ራሱ ይገኛል፤ ቢጠሩትም ዘግይቶ ይሁን እንጂ «አቤት» ይላል። ከ15 ላይ ስድስት መቀነስም ቢሆን የሰው አእምሮ ላይ የሚከብድ ሸክም አይደለም፤ እኔን የገረመኝ ይልቅ መብራት በጠፋ ጊዜ ልጁ ምንም አለመደንገጡ ነው። ለካ ሥራው ያለው በሩቅ ማሽን ላይ ኖሯል፤ በዚያ በቲመክስ ውስጥ የተጀመረ ሥራ እዚህ መስመር ቢቋረጥም መሄዱን አይተውም። እንደኛ መብራት የሚጠፋበት ወዳጄ ይህን ይያዝ፤ መብራቱ ሲመለስ ወደዚያው ማሽን ገብቶ «ቲመክስ አታች» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል።