በጉ የያዘው መዝገብ

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። እንጅባራን ኮሶበር ስትባል ጀምሮ አውቃታለሁ። ብርዷን ችያለሁ፤ ዝናቧን ችያለሁ፤ ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል ፈረሶቿ የሚያለብሱኝን አቧራ እንኳ ወድጄ ኖሬያለሁ። ያልቻልኩት ዘንድሮ የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተሸክሞት የመጣውን ወሬ ነው።

«አባባ፣ የፕላስቲክ ቆሻሻ በብሎክቼይን ይተዳደራል» አለኝ፣ ቡናው ገና ሳይቀዳ።

«ፕላስቲክ ምን በድሎ ነው አስተዳዳሪ የሚሾምበት?»

ሳቀና ያስረዳኝ ጀመር። ብሎክቼይን መዝገብ ነው አለኝ። አንድ ጸሐፊ ትራሱ ሥር የሚደብቀው ሳይሆን ብዙ ኮምፒውተሮች እኩል ግልባጭ የሚይዙት። እያንዳንዱ ገጽ የፊተኛውን ገጽ ማኅተም ይዞ ስለሚጻፍ፣ አንዲት መስመር ልፋቅ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይፋለስበታል። ጥሩ ነው። የዕድራችን መዝገብ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ስንት ብረት ድስት በተረፈልን! ግን ደግሞ እዚህ አገር የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ፈረሱም ፈረሰኛውም ያለ ብሎክቼይን ሲቆጠሩ ኖረዋል።

ከዚያ «ፕላስቲክ ባንክ» የሚባል ድርጅት አመጣብኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. ካናዳ ተቋቁሞ ሥራውን ሄይቲ ላይ ጀምሯል፤ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ብራዚልና ግብፅም ደርሷል። ለቃሚው ፕላስቲኩን ያመጣል፣ ይመዘንለታል፣ ክብደቱ በማይፋቀው መዝገብ ይገባል፣ ከዋጋው ሌላ ጉርሻ በስልኩ ይደርሰዋል። ገዢው ኩባንያም ዕቃው ከየት እንደተለቀመ መዝገቡን አይቶ ያምናል።

ግብፅ ሲል ጆሮዬ ቆመ። ከደጃችን የሚታጠበው ሁሉ ወደ አባይ ነው የሚወርደው። እኛ የጣልነውን እነሱ ለቅመው ጉርሻ ሊበሉበት?

«አይደርስም አባባ፤ ግድቡ ያስቀረዋል።»

«ቦንድ የገዛሁት ለመብራት እንጂ ሃይላንድ ላጠራቅምበት አይደለም!» አልኩት። ቡናው እስኪበርድ ጮህኩ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ሲኒዬን አንስታ ወሰደችው።

እኔን የሚያበግነኝ፣ ባዶ ጠርሙስ ዋጋ እንዳለው ዛሬ እንደ አዲስ ሊነግረኝ መነሳቱ ነው። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ውሃው የማንም ይሁን የማን ጠርሙሱን ሁሉ ሃይላንድ ብለን ቀረን። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ዳንግላ ሳትደርሱ፣ ከብት ጠባቂ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ መኪና ተከትለው ሲሮጡ አላያችሁም? ባዶውን እኮ ነው የሚለምኑት! ተማሪው ውሃ ይይዝበታል፣ እናቱ ዘይት ትቀዳበታለች፣ አባቱ አረቄ ያስቀዳበታል። አንገቱ ሲሰነጠቅ ከወገቡ ይቆረጥና የጨው ዕቃ ይሆናል። እኔ ቤት አንድ ሃይላንድ ሰባት ዓመት አገልግሏል፤ ሰባት ዓመት በአንድ ወንበር የቆየ ሹም እስቲ ጥሩልኝ። «ልዋጭ!» የሚሉትስ? ካፖርቴን ወስደው ለባለቤቴ አረንጓዴ ሳፋ ሰጧት፤ ኢንተርኔት አልጠየቁም። እኔንም አልጠየቁም።

ያበላሸን ፌስታል ነው። ቅቤ በኮባ ቅጠል ነበር የሚጠቀለለው፤ ድንቹም ሽንኩርቱም በቀርከሃ ቅርጫት ነበር የሚገባው፣ ቀርከሃ ሞልቶ በተረፈበት አገር። ዛሬ ለሁለት ሎሚ ፌስታል፣ ፌስታሉ እንዳይቀደድ ደግሞ ሌላ ፌስታል።

ሕግ አልወጣም አትበሉኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ፌስታል ከልክሏል። ከጸጉር የቀጠነ ማለት ነው። ገበያ ላይ ይህን በምን ትለካለህ? መምህር አይደለሁ፣ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አንዱን ቀደድኩና ነጠላውን አምስት ጊዜ አጠፍኩት። 32 ድርብ ሆነ። በ0.03 ሲባዛ 0.96፤ ስለዚህ እጥፉ በማስመሪያ አንድ ሚሊሜትር ካልሞላ ሕገወጥ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«አዋጅ እያስከበርኩ።»

«የፌስታሉን ይከፍላሉ?»

ከፈልኩ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ምክር ቤቱ ውፍረት መለካቱን ትቶ ፌስታል ሲጠቀም የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚያስቀጣ አዋጅ አጸደቀ። የእኔ ማስመሪያ ያን ቀን ጡረታ ወጣች።

ልጁ ግን አይሰለቸውም። ብሎክቼይን ለአገራችን እንግዳ አይደለም ብሎ፣ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚህ መዝገብ ለማስፈር ስምምነቱን ይፋ ማድረጉን አስታወሰኝ። እዚህ ላይ ያዝኩት፤ በሮስተር የሚያታልለኝ የለም። 38 ያገኘውን ልጅ እጄ ተሳስቶ 83 ብዬ ብሞላው፣ የማይፋቀው መዝገብ የሚጠብቀው 83ቱን ነው። ማር ላይ ስኳር፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚጨምር ሰው ባለበት ገበያ፣ ሃይላንዱን አሸዋ ሞልቶ ሚዛን ላይ የሚያወጣ ይጠፋል?

«መዛኙን የሚቆጣጠር ሰው ይኖራላ» አለኝ።

«እንግዲያው ሰው ነዋ ያስቀመጣችሁት! ይኸን ሁሉ ኮምፒውተር ምን አስለፋችሁት?»

ያን ዕለት መልስ አልነበረውም። ለፋሲካ በግ አረድን፤ ጨጓራውን የከፈተው እሱ ነው። ከሣሩ መሐል እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነገር ወጣ፤ ሲዘረጋ ሦስት ፌስታል። ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ የሰማያዊው ቋጠሮ ባለሱቅ እንዳሰረው አልተፈታም። በጉ ሲያኝክ፣ ሲያመነዥክ ከርሞ አንዲት ቋጠሮ መፍታት አልቻለም።

«ይኸውልህ ብሎክቼይንህ! የገባ አይወጣ፣ የተጻፈ አይፋቅ» አልኩት። ሳልስቅ አይደለም፤ ግን ዱለታችን ቀረ።

በማግስቱ ሁለታችንም ማዳበሪያ ይዘን ከቦይ ለቦይ ዞርን። ሰው «መምህር አበዱ» አለ፤ ይበል። አሁን አራት ማዳበሪያ ሃይላንድ ጣሪያው ሥር ቆሟል። ቸግሮን ያለው መዝገብ አይደለም፣ መንገድ ነው። ፕላስቲክ የሚፈጩት አዲስ አበባ ናቸው፤ ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ያልተጨፈለቀ ሃይላንድ ደግሞ ክብደት የለውም፣ አየር መጫን ነው። ለአየር ማን ነዳጅ ይከፍላል? ስለዚህ አንድ በአንድ ረግጠን አጠፍናቸው፤ የእኔ ጉልበት እስኪንቋቋ ድረስ።

ከሰልና ድንች ጭናችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ የአይሱዙ ሾፌሮች፣ ጥግ ካላችሁ በደጄ እለፉ። ክዳኑ ተለይቷል፤ አሸዋ የለበትም። ብዛቱን ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፤ 612 ነው።