ካርታ የሌለው ወንዝ

በአዲስ አበባ ያለ ማስረጃ መሬት ይዞ መገኘት ከባድ ጥፋት ነው። ምስኪን ነዋሪ እንኳ የግብር ደረሰኙን፣ የመብራት ውሉንና ቤቱ በአየር ፎቶ ላይ የታየበትን ዓመት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። ወንዝ ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንቲይቀጡ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ካርታ ሳያወጡ፣ የሊዝ ውል ሳይፈርሙ፣ አንድም ቀን ግብር ሳይከፍሉ የከተማዋን ውድ ውድ መሬት ይዘው ሲፈሱ ኖረዋል። ‹‹ከከተማዋ በፊት ነበርን›› ብለው ይከራከሩ ይሆናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ለቦታው መመረጥ ሰበብ የሆነው ፍልውሃ መሆኑም አይካድም። ዳሩ ግን ‹‹ማን ይናገር የነበረ›› የሚለው ተረት መሬት አስተዳደር ዘንድ አይሠራም፤ የነበረው ካርታ ከሌለው ምስክርነቱ አይያዝለትም።

ይህን ነባር ሕገወጥ ወንዝ ሥርዓት ለማስያዝ የመኖሪያ መንደር ቀያሾች ያዳበሩት ጥበብ አድናቆት ይገባዋል።

የጥበቡ መጀመሪያ ወቅት መምረጥ ነው። ቦታው የሚጎበኘው በጥር ወይም በየካቲት፣ መንገዱ ደርቆ ጫማ በማይቆሽሽበት ጊዜ ነው። ያኔ ጅረቱ ልብስ አጣቢዎች በጆግ የሚቀዱት፣ እረኛ ሳይንደረደር የሚዘለው ቀጭን ነገር ነው። ረግረጉም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከብት ይግጥበታል፣ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ኳስ ይጫወቱበታል። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ዙሪያውን ይቃኝና ማስታወሻው ላይ ያሰፍራል፦ ‹‹ለጥ ያለ ሜዳ፣ ለግንባታ ምቹ፣ ካሳ የሚከፈልበት ንብረት የሌለበት።››

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በመጨረሻዋ ሐረግ ነው። ገበሬ ከመሬቱ ሲነሳ ቢያንስም ካሳ ይጠይቃል፣ ያለቅሳል፣ አቤት ይላል። እንቁራሪት አቤቱታ አታስገባም፤ ቄጠማም ጠበቃ አያቆምም። ስለዚህ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለመንደር ተመራጭ ይሆናል፤ ለቤት ስለሚስማማ ሳይሆን የሚከራከርለት ስለሌለ።

ቀጥሎ ማቅናት ይመጣል። ወንዝ በተፈጥሮው ጠማማ ነው፤ ተሸንሽኖ የሚሸጠው ፓርሴል ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። ሁለቱ ወረቀት ላይ ሲጋጩ ማን እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው። ጅረቱ ቀጥ ተደርጎ ግንብ ይለብሳል፤ አለዚያም ቱቦ ውስጥ ገብቶ አስፋልት ይለብሳል። ረግረጉ የገረጋንቲ ነው። ሲኖትራኮች በሌሊት እየተመላለሱ ከሌላ ቦታ የተቆፈረ አፈርና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ሲገለብጡበት ያድራሉ። ጠዋት ሜዳው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የካሬው ዋጋ ደግሞ ከሜዳው በላይ ከፍ ብሏል። ደላላውም ‹‹ወንዝ ዳር ነው፣ እይታው ልዩ ነው›› ይላል። አልዋሸም፤ ነሐሴ ላይ እይታው ሳሎን ድረስ ይገባል።

የቱቦው ነገር ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በመንደሩ መንገድ ሥር የተቀበረው ክብ የሲሚንቶ ቱቦ አፉ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የተመረጠውም በጥር የታየው ውሃ እንደ ልቡ ስለሚያልፍበት ነው። ግንቦት ሲደርስ አፉ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ያረጀ ጎማና የተገነጠለ ቅርንጫፍ ይሰካበታል፤ ደለሉ በላዩ ይተኛል። ሐምሌ ላይ ውሃው መጥቶ ያንኳኳል። የሚከፍትለት ሲያጣ በመኪናው መንገድ ይሄዳል። በማግስቱ የመንደሩ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ አጥር እንዲረዝም ይወስናል።

ሒሳቡ ለማንም አያዳግትም። አሥር ሄክታር መንደር ላይ በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 400 ቦቴ ይሞላል። ሜዳው ሜዳ ሳለ ከዚህ ውሃ ብዙውን አፈሩና ሣሩ ይጠጡት፣ ረግረጉም አቁሮ ቀስ በቀስ ይለቀው ነበር። አሁን ቆርቆሮው፣ አስፋልቱና በሴራሚክ የተለበጠው ግቢ አንዲት ጠብታ ላለማስቀረት ተማምለዋል። ቦቴው ሁሉ ባንዴ ተነስቶ ታች ወዳለው ጎረቤት ይነዳል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፣ አቃቂ ደግሞ 2100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማዋ እንዳለች እንደ ጣሪያ የተዘቀዘቀች ናትና ታች ያለ ጎረቤት ለሁሉም አይጠፋም።

መሬት ውስጥ ያልሰረገ ውሃ ደግሞ ጉድጓድ አይሞላም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ጥቂት የማይባለው የሚመጣው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ እነዚያን የሚመግባቸውም ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ ነው። ዘመናዊው መንደር በክረምት ውሃውን በሩጫ ይሸኝና በበጋ ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ ሁለተኛ ሮቶ ይገዛል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ቦቴ ይጠራል። በነፃ የሸኘውን በገንዘቡ ያስመልሳል ማለት ነው።

ለቤት ምርቃቱ ደግሞ ቄጠማ መጎዝጎዙ አይቀርም። ቡናው ይፈላል፣ አባ ይባርካሉ፣ እንግዳው ‹‹የደስታ ያድርግላችሁ›› እያለ ይገባል። ቄጠማው ከሩቅ በጭነት የመጣ፣ በእስር ተቆጥሮ የተገዛ ነው። ቤቱ የተሠራው ረግረግ ላይ ከሆነ፣ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሶፋው ካለበት ቦታ በነፃ ይታጨድ ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግ ሞልቷል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላት ዳርቻ ወሰኑ ተለይቶ በውስጡ የመኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ያዛል፤ ጥናቱም ጉዳቱ የሚወገድበትን ወይም የሚቀንስበትን መንገድ እንዲያሳይ ይጠይቃል። የሙያው ቅደም ተከተልም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ውሃውን አለመንካት፣ መንካት ግድ ከሆነ በትንሹ መንካት፣ የተጎዳውን መተካት ከሁሉ መጨረሻ።

ጠቢባኑ ይህንን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይመርጣሉ። መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ ሪፖርት ይጻፋል፤ ‹‹ተጽዕኖው ዝቅተኛ ነው›› ይላል። እውነት ነው፤ የሚጎዳ ነገር አልቀረማ! ከዚያ የችግኝ ተከላ ቀን ይሰየማል። ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል፣ አካፋ ተይዞ ፎቶ ይነሳል። ችግኙ ባሕር ዛፍ ከሆነማ ጥበቡ ሙሉ ነው፤ ከገረጋንቲው ያመለጠ እርጥበት ቢኖር እሱ መጦ ይጨርሰዋል።

ሳቁ የሚያበቃበት ከተማ ግን አለ። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፤ ዳርና ዳሩ ላይም ቤት ተሠርቶ ነበር። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከተማዋ ተኝታ ሳለ፣ ከላይ በደጋው የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት መጠለያ አጡ። ብዙዎቹ ውሃው ሲመጣ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ደቻቱ ወደ ማንም ሰፈር አልዞረም፤ የሄደው በራሱ አልጋ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአንድ ምሽት የወረደ ጎርፍ የሰባት ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የሚሰማው ማብራሪያ ‹‹ያልተጠበቀ ከባድ ዝናብ›› የሚል ነው። የኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚዘንብ ላልሰማ ሰው ዝናቡ በእርግጥ ያልተጠበቀ ነው። በአገሩ ካሉት ነገሮች ሁሉ ቀጠሮ አክባሪው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ይቆጠራል። ጥፋቱም የአብዬን ወደ እምዬ ተደርጎ ወንዝ ዳር ላስቲክና ቆርቆሮ ወጥሮ ለሚኖረው ድሃ ይሰጣል። ድሃው አደጋ ላይ መኖሩ እውነት ነው፤ ሌላ ቦታ አጥቶ ነው። ከእሱ ሃምሳ ሜትር ወዲያ በዚያው ዳርቻ ላይ ካርታ ያለው ቪላ ግንቡን ወደ ወንዙ ገፍቶ ሲቆም ግን ‹‹ልማት›› ይባላል። ውሃው ሲመጣ የትኛው ካርታ እንዳለው አይጠይቅም። ግንቡ ያጠበበው ውሃ ደግሞ የሚፈነዳው ላስቲኩ ላይ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስል ሂውስተንን ማየት ይበጃል፤ ኢትዮጵያውያንም የሚኖሩባት ከተማ ናት። እ.አ.አ. በ1940ዎቹ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከተማዋን ከጎርፍ ለማዳን በስተምዕራቧ አዲክስና ባርከር የሚባሉ ሁለት ግድቦች ሠሩ። ከኋላቸው ያለው ሜዳ ከባድ ዝናብ ካልጣለ ደረቅ ነው። መንግሥት ግን ግድቦቹ ጢም ሲሉ ውሃው የሚደርስበትን መሬት ሁሉ አልገዛም። ቀሪውን መንደር ቀያሾች ሸንሽነው ሸጡት። በአንዳንዶቹ መንደሮች ፕላን ላይ አካባቢው የግድቡ ውሃ ሊተኛበት እንደሚችል የሚገልጽ ማስታወሻ ሰፍሯል፤ ያንን ፕላን አውጥቶ የሚያነብ ቤት ገዢ ስንት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። እ.አ.አ. በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ፤ ግድቦቹ ሞሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በኩሬ ውስጥ ተገኙ። ባለቤቶቹ ከሰሱ፤ እ.አ.አ. በ2019 መጨረሻ ዳኛው የፌዴራሉን መንግሥት ተጠያቂ አደረጉ። መሬቱን ሸንሽኖ ያተረፈው ወገን በዚያ ክስ ውስጥ ተከሳሽ አልነበረም። የጥበብ መደምደሚያ ይህ ነው፦ ትርፉ ለቀያሹ፣ ጭቃው ለገዢው፣ ዕዳው ለግብር ከፋዩ።

እዚያው አሜሪካ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.አ.አ. በ2023 ሳኬት የተባለ ቤተሰብን ጉዳይ ሲወስን ረግረግ በፌዴራሉ የውሃ ሕግ የሚጠበቀው ሕጉ ከሚሸፍነው ወንዝ ወይም ሐይቅ ጋር በገጹ ሳይቋረጥ ሲገናኝ ነው ብሏል። ውሃ ከመሬት በታችም ይገናኛል። ችሎት ቀርቦ ግን አላስረዳም።

አዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ዋጋ ገብቷታል፤ የገባት ግን ከሰጠችው በኋላ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚፈልግ ተነግሮ ነበር። ዳርቻውን ማጽዳትና ለሕዝብ መመለስ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። የሚያስገርመው ሌላ ነው፦ መሐል ከተማ ላይ ዳርቻ በቢሊዮን እየተመለሰ፣ ዳር ዳር ላይ ደግሞ ለአዲስ መንደር ሌላ ዳርቻ እየተቸረቸረ ነው። ወደፊት ሌላ ማስዋቢያ ያስፈልጋልና በጀቱን ከወዲሁ መያዝ ሳይሻል አይቀርም።

ሌላው አማራጭ ለጠቢብ የማይመጥን ተራ ነገር ነው። በነሐሴ መጥቶ ውሃው የሚደርስበትን መስመር በካስማ ምልክት ማድረግ፤ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ቤቶቹን ከፍ ባለው በኩል አቀራርቦ አንድ ፎቅ ጨምሮ መሥራት፤ መንገዱ ጅረቱን ሦስት ቦታ በቱቦ ከሚያንቀው አንድ ቦታ ላይ በድልድይ ማሻገር፤ ረግረጉን ለልጆችና ለወፎች መተው። ይህ ቢደረግ ከፕላኑ ላይ ጥቂት ፓርሴሎች ይጎድላሉ። የሚጎድለው ይኸው ብቻ ነው፤ ክርክሩ ሁሉም የእነዚያ ጥቂት ፓርሴሎች ክርክር ነው።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 የተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ቤት ገዢ ሆይ፣ ቀብድ ከመቁጠርህ በፊት ሪፖርቱን ጠይቅ። ቦታውንም ዝናብ ሲጥል ሄደህ እይ፤ እዚያ ተወልደው ያረጁ አዛውንት ካሉም ውሃው የት ድረስ ይመጣ እንደነበር ያሳዩህ። ሻጩ ሪፖርቱን ማሳየት ካልቻለ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።